አራት ባዶ መስመር

"ይኸው! አምስት መቶ ስምንት ይላል! ማንበብ አትችዪም እንዴ?"

ተራ አስከባሪው ስልኩን በመስኮት ቁጥር ሦስት መስታወት ላይ ለጠፈው። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው የምደባ ሠራተኛ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ፎቶውን አየችው፤ ቀጥላ እሱን አየችው። ከኋላው የተሰለፉት ወላጆች ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን አቆሙ። የሰው ጠብ በነጻ ሲገኝ ማን ይጠላል!

"የእኔ ልጅ ያመጣችው አምስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት ከስምንት ይበልጣል አይበልጥም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

"ይበልጣል፣ አባቴ።"

"እሰይ! እንግዲያው ሕክምና ገብታለች።"

"አልገባችም።"

"ለምን?"

"ቀስ ብለው ከሰሙኝ እነግርዎታለሁ።"

"ቀስ ብዬ! ልጄን ቆዳ ውስጥ ነክራችኋት ቀስ ብዬ ልስማ? የቆዳ ቴክኖሎጂ! አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ስገዛላት የከረምኩት ለበግ ቆዳ ነው?"

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ቶሎ ብሎ በሳል ሸፈነው።

ልጅቷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የምደባው መልእክት ስልኳ ላይ ከገባበት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አባትየው የሁለታቸውንም ድርሻ ይጮህ ነበር።

መቼም ለዚህ ሰው መጮህ እንጀራው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሚኒባስ ተራው ላይ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰው አሰልፏል። ተሳፋሪው ሁሉ "ፊሽካው" ይለዋል። ንዝንዙን የሚጠላ ብዙ ነው፤ አንድ ነገር ግን ጠላቱም ይመሰክርለታል፤ ተራ አያስበላም። አንድ ቀን ሚስቱ ዕቃ ተሸክማ፣ ደክሟት፣ ከሰልፉ መሃል ሾልካ ብትገባ እጇን ይዞ አውጥቶ ጅራቱ ላይ ያቆማት ሰው ነው። ሚስትየው ከዚያ ወዲህ "በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው" ትላለች።

ጥፋቱ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። የልጅቷ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር የየትምህርት ክፍሉን መቁረጫ ነጥብ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ተራ አስከባሪው በምሳ ሰዓቱ እየሮጠ ሄደና በሰው ትከሻ ላይ እጁን አሻግሮ፣ "ሕክምና 508" የምትለዋን መስመር ብቻ ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። ሌላውን ምን ሊያደርግለት! ቤት ሲገባ ልጅቷ አምስት መስመር ያለውን የምርጫ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።

"አባዬ፣ እኔ ፋርማሲ ነው የምፈልገው" አለችው።

"ፋርማሲ ስንት ነው?"

"አራት መቶ ዘጠና።"

"አምስት መቶ አሥራ ሁለት ይዘሽ አራት መቶ ዘጠና ትገቢያለሽ? ሃያ ሁለቱን ነጥብ ለማን ልትተዪው ነው? ለጎረቤት?"

"ነጥብ እኮ ገንዘብ አይደለም፤ መልስ የለውም።"

"ሕክምና ጻፊ።"

ጻፈች። ሁለተኛው መስመር ላይ ፋርማሲን ልትጨምር ስትል ግን እጇን ያዛት። ፊሽካው በዚህ በኩል የራሱ ፍልስፍና ነበረው፤ ማንም ያላስተማረው፣ ማንም ሊያስጥለው ያልቻለ።

"ጫማ ቤት ገብተሽ 'ያኛው ባይሆን ይኼኛውም ይበቃኛል' ካልሽ ሻጩ የቱን ያወጣልሻል? ሁለተኛ ካዩ ሁለተኛውን ነው የሚሰጡሽ። አንድ ብቻ ጻፊ! ሌላ መጣያ ሲያጡ ሳይወዱ በግዳቸው ያስገቡሻል።"

"ምክትሉ አምስቱንም ሙሉ ብሎናል።"

"የምክትሉ ልጅ አራት መቶ ሰባ ነው ያመጣው። ላንቺ ደግ የሚመኝ ይመስልሻል?"

እናትየው ልብስ እያጠፈች ነበር። "ሰውየው እኮ ለሁሉም ነው የተናገረው" ብላ ጀመረች፤ ባሏ ዞር ብሎ ሲያያት ወደ ልብሷ ተመለሰች። ምክትሉ በማግስቱ አራቱን ባዶ መስመር አይቶ ስልክ ደወለ፤ "ወንድሜ፣ ተው፣ ልጅቷን አትጉዳት" አለው። ፊሽካው "የራስህን ልጅ ጠብቅ" ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ቅጹ እንደዚያው ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ብቻ ነው። ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው ብሎ ለሹፌሩም፣ ለረዳቱም፣ መንገድ ላይ ካልሲ ለሚሸጠውም አዳረሰ። አንዱ ሹፌር ለወገቡ ከወዲሁ ቀጠሮ አስይዟል። ሌላው አማቱን ጨምሮ አስመዝግቧል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ይህን ሁሉ ሰው ነገ ጠዋት በምን ዓይኑ ያየዋል?

"ፎቶውን ወደ ላይ ይሳቡት፤ ርእሱን ልየው" አለች ሠራተኛዋ።

"ርእስ የለውም። ቁጥሩ ይበቃሻል።"

ሠራተኛዋ መሳቢያዋን ከፍታ ያንኑ ወረቀት ሙሉውን አወጣች፤ በመስታወቱ ሥር አሾልካ ሰጠችውና ጣቷን ከላይ አሳረፈች። በደማቅ ቀለም፣ በትልልቁ ተጽፏል፦ ባለፈው ዓመት በየትምህርት ክፍሉ የመጨረሻ ሆነው የገቡ ተማሪዎች ነጥብ፤ ለመረጃ ብቻ።

"ያለፈው ዓመት ምን አገባኝ?"

"እኔስ ምን እያልኩዎት ነው? አያገባዎትም!" እሷም ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ስታስረዳ ውላ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። "ይስሙኝ። መቁረጫ ነጥብ ማለት እኛ ቁጭ ብለን አስቀድመን የምንቆርጠው ዋጋ አይደለም። ሕክምና ሁለት መቶ ቦታ አለው። የመረጡትን ልጆች ሁሉ በነጥባቸው ከላይ ወደ ታች እንደረድራለን፤ ሁለት መቶኛው ላይ ስንደርስ እናቆማለን። መቁረጫው የዚያ የመጨረሻው ልጅ ነጥብ ነው፤ በቃ። አምና የመጨረሻው ልጅ አምስት መቶ ስምንት ነበረው። ዘንድሮ ጎበዙም በዛ፣ ሕክምና የሚመርጠውም በዛ፤ የመጨረሻው አምስት መቶ አሥራ ሰባት ሆነ። ማን ወሰነው ካሉኝ፣ ከልጅዎ ፊት ያሉት ልጆች ናቸው የወሰኑት።"

ተራ አስከባሪው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ርእሱን ደግሞ አነበበው።

ይህን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር! በዚያው ጠዋት አንድ ከረባት ያሰረ ተሳፋሪ "ትናንት በዚሁ ሰዓት መጥቼ ደርሶኛል፣ ዛሬ ለምን ይቀረኛል?" ብሎ ሲሟገተው ምን ነበር ያለው? "ጌታዬ፣ ሰዓት አይደለም የሚያሳፍርህ! ወንበሩ አሥራ አምስት ነው። ትናንት ከፊትህ አሥር ሰው ነበር፣ ዛሬ ሃያ አለ። የትናንቱን ትናንት ጥለኸው ና!" ሰልፉ በሙሉ ስቆ ነበር። እሱም በራሱ አነጋገር ደስ ብሎት ፊሽካውን ሁለት ጊዜ ነፍቷል። አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ላይ ሲጮኽበት የኖረው ነገር ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲመጣ አላወቀውም።

ንዴቱ መሄጃ አጥቶ ወደ ራሱ ዞረ። እሱ ደግሞ በራሱ ላይ መቆጣት ያልለመደ ሰው ነውና ዞር ብሎ ቅድም የሳቀውን ሰውዬ ፈለገው።

"አንተ! ምን ያስቅሃል? ያንተ ልጅ ምን ገባ?"

"እኔ ልጅ የለኝም፤ ለወንድሜ ልጅ ነው የመጣሁት" አለ ሰውየው ወደኋላ እያፈገፈገ።

"ልጅ የሌለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል!"

"አባቴ፣ ወደዚህ" አለች ሠራተኛዋ መስታወቱን በእስክሪብቶ እየመታች። "ከዚህ የባሰ ነገር አለ። አራቱን መስመር ለምን ባዶ ተዋችሁት?"

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"ባዶ ሲሆን ኮምፒውተሩ ሌላ ፍላጎት የላትም ብሎ ሰው የጠፋበት ክፍል ላይ ይጥላታል። ፋርማሲ እኮ ዘንድሮ በአራት መቶ ዘጠና ሰባት ነው የተዘጋው። ሁለተኛ ብላ ሞልታው ቢሆን ዛሬ ፋርማሲ ገብታ ነበር። ማን ነው እንዲህ አድርጋችሁ ሙሉ ያላችሁ?"

ልጅቷ ከተደገፈችበት ግድግዳ ተላቀቀች። አባቷ ወደኋላ አልዞረም፤ ግን ከጀርባው እንደምታየው ያውቃል፣ ማጅራቱ ሞቀው።

"ማረሚያ አለው ወይስ የለውም?" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማረሚያ ነበረው። የተሳሳተ ቅጽ ያስገቡ ተማሪዎች ተለቀው በቀሩ ቦታዎች ላይ እንደገና ይወዳደራሉ። ቅጹ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሠራተኛዋ ሁለት ወረቀት አሾለከችለት፤ አንዱ የቀሩት ቦታዎች ዝርዝር፣ አንዱ የቅሬታ ቅጽ። "ስህተቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ተደርጎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አናየውም። ምርጫው በዚህ ዙር አንድ ብቻ ነው። ከታች ወላጅ ይፈርማል" አለችና "ቀጣይ!" ብላ ተጣራች።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሃያ ይላል። በአዳራሹ ጥግ ባለች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያቸውን ያለው ወላጅ ሁሉ ያንኑ ቅጽ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከልጁ ጋር ይጨቃጨቃል፤ አንዲት እናት ታለቅሳለች፣ ልጇ ያባብላታል። ተራ አስከባሪው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። "የስህተቱ ምክንያት" የሚለውን ቦታ አየው፤ ሦስት መስመር ሙሉ ተትቶለታል።

"ትምህርት ቤቱ ነው ብዬ ነው የምጽፈው" አለ። "ያለፈውን ዓመት ወረቀት ለጥፈው ሰው አሳሳቱ። እንዲያውም እከሳቸዋለሁ!"

ልጅቷ ያን ጊዜ ተናገረች።

"ጻፍ። ትምህርት ቤት ይልኩታል፤ ምክትሉ በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱን ይመልስላቸዋል፤ ዙሩ ዛሬ ይዘጋል። እኔ ቆዳ እገባለሁ፣ አንተ ትከሳለህ።"

"አንቺ ደግሞ ለማን ነው የምትወግኚው?"

"ለማንም! ምክትሉ ደውሎ ነግሮሃል። እኔም ነግሬሃለሁ። እማዬም ልትነግርህ ነበር፣ አፏን አዘጋሃት።"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! አንተ ስትጮኽ ሰው አይሰማም?" ተነሥታ ቆመች። "እኔ ነኝ የተፈተንኩት! ሦስት ዓመት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሣሁ ያጠናሁት እኔ ነኝ! ነጥቡ የእኔ ነው፣ አንተ ግን ተራ ላይ ይዘኸው ዞርክ። ዶክተር፣ ዶክተር እያሉ ሲጠሩኝ አንድ ቀን እንኳ ደስ ይልሽ ይሆን ብለህ ጠይቀኸኛል? ፋርማሲ ነው የምፈልገው አልኩህ። ለጎረቤት ልትተዪው ነው አልከኝ። ይኸው፣ ለጎረቤት ተውንልህ!"

የምታለቅሰው እናት ልቅሶዋን አቁማ አየቻቸው። ተራ አስከባሪው ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ያናገረው ሰው የለም፤ ሰካራሙም ሹፌሩም አልደፈረውም። ሊነሣ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ከተናገረችው ውስጥ ውሸት ነው የሚልበት አንድ ቃል ቢፈልግ አጣ። እሱም ይበልጥ አናደደው።

ቁና ቁና እየተነፈሰ ጎንበስ አለና ጻፈ። ጽሑፉ ትልልቅና ጠማማ ነው፤ የተራ መዝገብ ላይ ታርጋ ሲመዘግብ የለመደው ዓይነት። "ቅጹን አንድ ብቻ ሙዪ ብዬ ያስገደድኳት አባቷ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ነግሮኛል። ልጅቷም ነግራኛለች። አልሰማሁም።" ሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ቦታ ተረፈ። አሰበና "ጥፋቱ የእሷ አይደለም" ብሎ ጨመረበት። ወረቀቱን ወረወረላት።

"ይኸው። ደስ አለሽ?"

አነበበችው። ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ የቀሩትን ቦታዎች ዝርዝር ዘረጉት። ስታቲስቲክስ ሠላሳ አራት። ላቦራቶሪ አሥራ ሁለት። ፋርማሲ ስድስት። ሲወርዱ፣ ሲወርዱ፣ መጨረሻው ላይ ዓይኑ ተተከለ፤ ሕክምና፣ ሁለት።

ጣቱን ቁጥሩ ላይ ተከለው። ሁለት ልጆች ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነው፣ ወይ ታመው ነው፣ ምንም ይሁን ምን ቦታው አለ። ነገ ጠዋት ፊሽካውን እየነፋ "ትንሽ የወረቀት ስህተት ነበር፣ ተስተካከለ" ሲል ታየው። ሹፌሩ ወገቡን ይዞ ሲስቅ ታየው።

"አየሽው?" አለ፣ ድምፁ ለስልሶ። "ሁለት አለ። አምስት መቶ አሥራ ሁለት እኮ ትንሽ አይደለም። እዚህ ካለው ሰው ማን አምስት መቶ አሥራ ሁለት አለው?"

"አባዬ፣ ቁጠር" አለችው።

"ምኑን?"

"ሰውን። ሥራህ አይደል? ይኼን ቅጽ የያዘውን ሁሉ ቁጠር።"

ሳይወድ ቀና አለ። ዓይኑ በልማዱ በአዳራሹ ላይ ሄደ፤ አግዳሚው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ በሩ ጋ፣ ደረጃው ላይ። ሃምሳ አራት። ገና ከውጭ የሚገባ አለ። ከፊቱ የነበረ አንድ አባት ጣቱን እዚያው መጨረሻው መስመር ላይ ተክሎ ለልጁ ያንሾካሹክ ነበር። ከጎኑ ያለችውም እናት እንዲሁ።

"ሁሉም ያቺን መስመር ነው የሚያየው" አለች ልጅቷ። "አምስት መቶ አሥራ ስድስት ይዞ በአንድ ነጥብ የቀረም እዚህ ይኖራል። ምርጫው አንድ ነው። ከሳትኩ ቆዳ ነው።"

"ከሳትሽ ነዋ! ካልሳትሽስ?"

ልጅቷ አላየችውም። ዝርዝሩን ከእጁ ወሰደች፣ ቅጹን ወሰደች፣ እስክሪብቶውንም ወሰደች። ተነሥታ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታው ጻፈች። ብዙ አልቆየችም። ስትመለስ ወረቀቱን ከመሃሉ አጥፋው ነበር፤ ከላይ የሚታየው "የወላጅ ፊርማ" የሚለው መስመር ብቻ ነው። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

"ፈርም።"

"ምን ሞላሽ?"

"ፈርም፣ አባዬ። አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።"

"ላየው እንጂ! አባትሽ አይደለሁም? ያላየሁት ነገር ላይ እፈርማለሁ? የት አገር የተሰማ ነገር ነው!"

"ካየኸው ትከራከረኛለህ። ከተከራከርከኝ እኔ ደግሞ ፈርቼ እቀይረዋለሁ። አውቀዋለሁ ራሴን።" ድምፏ አሁን አልጮኸም። "ከገለጥከው እቀደዋለሁ። እውነቴን ነው። እዚሁ ፊትህ ቀድጄው ቆዳዬን እገባለሁ።"

ፊቷን አየው። የእሱ ግንባር ነው፣ የእሱ ጥርስ ነክሶ መያዝ ነው፤ እንደምትቀደው አልተጠራጠረም። መስኮት ሦስት ላይ ሠራተኛዋ "ቅጽ ያላችሁ፣ የመጨረሻ!" እያለች ትጣራ ጀመር። ሰው ተነሥቶ መጋፋት ያዘ፤ አንዱ ከመሃል ሊገባ ሲል ሌላው ኮቱን ጎተተው። በሌላ ቀን ቢሆን ፊሽካው እዚህ መሃል ገብቶ ሰልፍ ያስይዝ ነበር።

ወረቀቱን አነሣው። ስስ ወረቀት ነው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ይገባል። ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ብርሃኑ ቢያዞረው ቀለሙ ከኋላ በኩል ይነበባል። ልጅቷም ይህን አወቀች፤ እጇን ልትዘረጋ ብላ ተወችው።

ተራ አስከባሪው ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አጋደመው። ግራ መዳፉን፣ ያን ሻካራና ሰፊ መዳፉን፣ በታጠፈው በኩል ዘርግቶ ጫነው፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ እንዳይቀር አድርጎ። ጥርሱን ነክሶ ፈረመ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረውም።

"ውሰጂ" አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። "ሂጂ፣ ራስሽ አስገቢው። እኔን አትጠብቂ።"